ጋሽ ውብሸት ያላለው ቃል

ቀረብ በሉ። መብራቱ እስኪመጣ ስሙኝ። ነገ ጠዋት ስልጠና ትጀምራላችሁ አይደል? እንግዲያውስ ሳልነግራችሁ አልተኛም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ነው። መንገዱ ከፋብሪካው በር እንፋሎት ወደሚፈላበት ቦይለር ቤት የሚወስደው ነው፤ ግራና ቀኙ ሸንኮራ አገዳ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይሄድበታል? ተረኛ ብቻ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ብቻዬን ነበርኩ።

መጀመሪያ ግን ጋሽ ውብሸትን ልንገራችሁ። እዚህ መኝታ ቤት ጠባቂ ከመሆኔ በፊት፣ ድሮ፣ በአንድ ስኳር ፋብሪካ ስሠራ የእንፋሎት አሰልጣኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አሰለጠነ። እኔ ረዳቱ ነበርኩ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሲቆጣ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በእሱ እጅ ሰልጥኖ የተቃጠለ ሰው ነበር? አንድም አልነበረም።

ጉበቱን አሞት ሞተ።

አርባው ሳይወጣ ሥራ አስኪያጁ ቸርነት አስጠራኝ። አቶ ልለው አልችልም፣ ይቅር በሉኝ። የጋሽ ውብሸትን የድሮ የድምፅ ቅጂዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥተው ድምፁን አስመስለው አሠርተዋል። ከእንግዲህ ጽሑፍ ይጻፍለታል፣ ማሽኑ በእሱ ድምፅ ያነበዋል። አሰልጣኝ መቅጠር ቀረ አለኝ። ሚስቱን እትዬ ዘነቡን አስፈቅዳችኋል ወይ አልኩት። ድምፁ የተቀዳው በሥራ ሰዓት ስለሆነ የፋብሪካው ነው አለኝ። ሰልጣኝ ግራ ገብቶት ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? ጽሑፉ ቢሳሳትስ? አልኩት። ለዚህ ነው የጠራሁሽ፤ አዳምጪና ፈርሚ አለኝ።

ትምህርቱ አሥራ ሁለት ክፍል ነበር። አሥራ አንዱን አዳመጥኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደከመኝ። ድምፁ የእሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም አልኩ። ፈረምኩ።

ሰማችሁኝ? ሳላዳምጥ ፈረምኩ።

አሥራ ሁለተኛው ስለ ትልቁ የእንፋሎት ቧንቧ ነበር። ቧንቧው ቀዝቅዞ ሲያድር ውስጡ ውሃ ይተኛል። መጀመሪያ ትንሹን ቫልቭ ከፍተህ ውሃውን ታስወጣለህ፤ ከዚያ ነው ትልቁን ቀስ እያልክ የምትከፍተው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ማሽኑ ምን ያውቃል? የተጻፈለትን አነበበ። በዚያ በምናምነው ድምፅ አነበበ።

ምንይችል የሚባል የሁለት ልጆች አባት ነበር፤ በዚያ ድምፅ የሰለጠነ። እንደተነገረው ትልቁን ቫልቭ ቀድሞ ከፈተ። እንፋሎቱ የተኛውን ውሃ ገፍቶ ቧንቧውን አፈነዳው። ደረቱና ሁለት እጁ ተቃጠለ። ሆስፒታል ሄጄ አየሁት።

«ጋሽ ውብሸት እንዳለኝ ነው ያደረግኩት» አለኝ።

 ፊርማዬን ሳልነግረው ወጣሁ።

ቸርነት ሠራተኛው ተዘናግቶ ነው ብሎ ጻፈ። ትምህርቱ አልታረመም፣ አልቆመም። እኔስ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። እንጀራዬን ፈራሁ።

አሁን ወደዚያ መንገድ እንመለስ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ከአገዳው ውስጥ። ጥበቃ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ደግሞ አሳለ፤ አሁን ቀረብ ብሏል። ሳሉን አወቅኩት፤ የጋሽ ውብሸት ነው። ማሽኑ ነው እንዳልል፣ ማሽኑ አያስልም፤ ሳሉን ሁሉ ከቅጂው ላይ ቆርጠው አውጥተውታል። ሄድኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ መጣ። ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል። ከዚያ አንገቴ ላይ እንደ እንፋሎት የሚያቃጥል ትንፋሽ።

«አልጋነሽ፣ ማነው የፈረመው?»

ዞርኩ? አልዞርኩም። ሮጥኩ።

በዚያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አርባ አዲስ ሰልጣኝ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ቸርነት ፊት ለፊት ቆሟል። አሥራ ሁለተኛው ትምህርት ተከፈተ። ድምፁ «ትልቁን ቫልቭ» ብሎ ጀመረና ቆመ። አሳለ።

«ይሄን እኔ አላልኩም» አለ።

ቸርነት ሮጦ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለ። ገመዱ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፁ ግን አልቆመም።

«ይሄን እኔ አላልኩም። ማነው የፈረመው?»

አርባ ሰው ይሰማል። ቸርነት አመድ መስሏል። ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ። ሳላዳምጥ ነው የፈረምኩት» አልኩ። «የሞተ ሰው እንዲያስተምር ያደረገው ግን እሱ ነው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ያኔ ድምፁ ጸጥ አለ።

ትምህርቱ ተሰረዘ። እትዬ ዘነቡ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጥታ የባሏን ቅጂዎች ተረክባ ሄደች። እኔ ተባረርኩ። ቸርነትስ? ተሾመ። ሌላ ፋብሪካ ሄዶ አሁንም ሌላ ሰው ያስፈርማል። የምንይችል እጅ እስከ ዛሬ አይጨበጥም፤ የሚያጎርሱት ልጆቹ ናቸው። እሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በቸርነትም፣ በራሴም።

ነገ ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ ያደርጉላችኋል። የምታውቁት ሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ብቻችሁን አታዳምጡት። መጀመሪያ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ እጃችሁን ከቫልቩ አንሱና በሕይወት ያለ ሰው ፈልጉ።

ከመለሰላችሁ ግን ሩጡ። አንዱ ሳያዳምጥ ፈርሞባችኋል።