በእህት ቤት የተያዘ ፍቅር

ሰውየው ወደ ሱቁ የገባው ሱሪው ስለተቀደደ ነው። ፍቅር ፍለጋ አልመጣም።

ልብስ አስተካካይዋ ሱሪውን ተቀብላ ገለባበጠችው። ሁለቱ ጉልበቶች አልቀዋል፤ የቀረው ጨርቅ ገና ደህና ነው።

«ተንበርክከህ ነው እንዴ የምትኖረው?» አለችው።

«ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ባሕታዊ መስለኸኝ!»

«ባሕታዊማ ብሆን ጸሎቴ እስካሁን ይሰማልኝ ነበር» አለና ዓይኑን ጣለባት። ቶሎም አላነሳው። እሷ ክር ፍለጋ ጎንበስ አለች። ክሩ እጇ ላይ ነበር።

በሰው አገር በራስ ቋንቋ መቀለድ ሰውን ቶሎ ያቀራርባል። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ያለቀ ጨርቅና በምላጭ የተቀደደ ጨርቅ አንድ አይደለም፤ ሥራዋ ነውና ታውቃለች። ዝም ብላ ሰፋችለት።

የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል። የገባበት ቤት ወለሉ መዝመም አለመዝመሙን ሳያይ አይቀመጥም። እሱ ደግሞ እሷን «መርፌ» አላት። ስሙም በዚያው ጸናባት።

መርፌ የምትኖረው ካሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጋር ነው። እትዬ ትላታለች። እትዬ በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ባሏ ሲሞት ዕዳው ያለቀ አነስተኛ ቤት ትቶላታል። ውሃ ልክን ገና ስታየው ወደደችው።

«ስማ፣ ይህቺን ልጅ መቼ ነው የምትወስድልኝ?» ትለዋለች። «ክፍሏን ላከራየው አስቤያለሁ።»

«ቤት ላግኝ፣ እትዬ።»

«ቤት እስክታገኝ ታረጅብሃለች!»

ቤቱ ተገኘ። ሁለት ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር የመኪና ማቆሚያ። ውሃ ልክ ገና ሲገባ ቁልቁል አይቶ «ይሄ ወለል መነሳት አለበት» አለ። መርፌ መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። የራሷ መስኮት ኖሯት አያውቅም።

ባንክ ሄዱ። የተቀበለቻቸው ሠራተኛ ቀጭን፣ ታጋሽ ሴት ነበረች።

«ቤቱ ራሱ መያዣ ይሆናል» አለች። «ቅድሚያ ክፍያችሁ ትንሽ ስለሆነ ግን በላዩ ላይ ዋስትና ያስፈልጋል። ወይ ለዋስትና ድርጅት ትከፍላላችሁ፣ ወይ ቤት ያለው ሰው ዋስ ይሆናችኋል።»

«ለድርጅቱ ከከፈልን፣» አለች መርፌ፣ «እሱ ቢታመም ዕዳውን ይከፍልልናል ማለት ነው?»

«ለእኛ ይከፍላል። ከዚያ ዞሮ እናንተን ይጠይቃል። ዋስትናው የሚጠብቀው ባንኩን ነው እንጂ እናንተን አይደለም።»

ውሃ ልክ ሳቀ። «ጃንጥላውን የምንገዛው እኛ፣ የሚጠለልበት ባንኩ!»

ሠራተኛዋም ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ሳትጨርስ ሌላውን ክፍያ ነገረቻቸው፤ የደላላው አለ፣ የውል አዋዋዩ፣ የምዝገባው፣ የቤት ግምቱ። አንዱም አንዴ ከተከፈለ አይመለስም።

ደረጃውን ሲወርዱ ውሃ ልክ ሒሳቡን በጣቱ ይቆጥር ነበር። የዋስትናው ክፍያ ለሠርግና ለወለል ያስቀመጡትን ጠራርጎ ይበላል።

«ሰው እያለን ለድርጅት?» አለ በመጨረሻ።

«ለድርጅት» አለች። «ድርጅት ሲከፍል አያለቅስም።»

ምክንያቷን ያውቃል፤ ነግራዋለች። አባቷ ለወዳጁ ዋስ ሆኖ ቤቱን አጥቷል። ወዳጁ ተሰወረ፤ አባቷ በኪራይ ክፍል ሞተ። በቀብሩ ማግስት ሁለቱ እህቶች ተማማሉ፦ ከእንግዲህ ከእኛ ዘንድ ለማንም ዋስ የሚሆን የለም።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ውሃ ልክ።

ብድሩ በእሱ ስም ስለሆነ የባንኩን ጉዳይ እሱ ጨረሰው። ከዚያ ከሥራ ሲወጣ ወደ አዲሱ ቤት እየሄደ ወለሉን ማንጠፍ ጀመረ። እንድታይ አልፈቀደም።

ሲያልቅ እጇን ይዞ ወሰዳት። ወለሉ ግራጫ ነው፤ መጋጠሚያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በክር የተሳበ ይመስላል።

«ጫማዬን ላውልቅ?»

«ቤትሽ ነው፤ እንዳሻሽ።»

አውልቃ ገባች። እየረገጠች ዞረችው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እግሮቿን ያያል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሴራሚኩን ዳበሰችው። ርካሽ አይደለም።

«ይሄ በምን ተገዛ?» አለች። «ድርጅቱ ሁሉንም አልወሰደም እንዴ?»

ጎንበስ ብሎ የበሩን ደፍ በእጁ ጠረገ።

«አንተን እኮ ነው።»

«ድርጅት አይደለም» አለ።

«ታዲያ ማን ነው ዋስ የሆነህ?»

«እትዬ።»

ወለሉ እግሯን ቀዘቀዛት። «ለምነሃት ነው?»

ሊናገር አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«የአባቴን ነገር እያወቅህ! እኔ እሺ እንደማልል ስታውቅ በጓሮ ዞረህ የእህቴን ቤት አስያዝክ! አንተንና ያንን ሰውዬ ምን ለያችሁ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ ግን ቃሉ ሲወጣ ታውቋታል። ፊቱ ላይ ሲያርፍም አይታዋለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ወጥ እየሠራች ነበር።

«እሱ ነው አይደል ያግባባሽ?»

እትዬ ወጡን ማማሰሏን አላቆመችም። «ተይው በቃ። ያለፈ ነገር ነው። ልጁ ጨዋ ነው።»

መርፌ ይህን እንደ አዎንታ ቆጠረችው። እትዬ ፊቷን ለምን ከምድጃው እንደማታነሳ ልብ አላለችም። ለውሃ ልክ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፤ «የእህቴ ቤት ከዋስትናው እስኪወጣ አታናግረኝ» አለችው።

ባንክ ሄዶ ጠየቀ። ብድሩ ከተለቀቀ ወዲያ ድርጅቱ ዋስ አይሆንም አሉት። እትዬን ነጻ የሚያወጣት ብድሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ቤቱን ሸጠው። የደላላው፣ የውል አዋዋዩ፣ የምዝገባው ክፍያ ግን ከቤቱ ጋር አይሸጥም፤ ብድርን ከጊዜው በፊት ለመዝጋትም ቅጣት አለው። ጎደለበት። አንድ ሥራ ተቋራጭ ሩቅ ወደብ ላይ ለዓመታት የሚሠራ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዋስ ለሚያቀርብ ቅድሚያ ደመወዝ ይሰጣል። ውሃ ልክ ፈረመ። ጉድለቱንም በዚያ ሞላው።

ብድሩ የተዘጋ ቀን እትዬን ባንክ ጠሯት። መርፌም አብራት ሄደች። ውሃ ልክ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል።

«እትዬ፣ ቤትሽ ነጻ ነው» አለ። ወደ መርፌ ዞሮም አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ ለማያውቋት ሴት እንደሚደረገው።

እትዬ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱ አልለመነኝም፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። ሠርግሽ በዚያ ክፍያ ሰበብ ሲራዘም ማየት አቃተኝ። የባንኳን ሴትዮ አንድ በአንድ ጠይቄ፣ ገብቶኝ ነው የፈረምኩት። ካንቺ ጋር የተማማልኩትን ስላፈረስኩ አፈርኩ። ሐሳቡን እኔ እንዳቀረብኩት ብትነግራት ቅበረኝ ብዬ በራሴ ሞት አስማልኩት። ትታረቃላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ዛሬ ነገ ስል ሸጠው።»

መርፌ ወደ ውሃ ልክ ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምዬ ነበር።»

«እንደዚያ ስሰድብህ እንኳ?»

«አንቺን አላስማልኩሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ሳልምልልሽ የምታምኚኝ መስሎኝ ነበር።»

እትዬን ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ተከተይው!» አለች እትዬ።

ሮጠች። ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሟል። እሱም አያት። መኪኖች በመሃላቸው ያልፋሉ። አትሂድ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሷል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። ተቋራጩ ቅድሚያ ደመወዙን የሰጠው በዋስ ነው፤ ዋሱም አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ መሆኑን ሱቋ የመጣ ሰው አውርቶላታል። ቀለም ቀቢው ልጆች አሉት። ውሃ ልክ ከቀረ የሚከፍለው እሱ ነው። አትሂድ ብትለውና እሺ ቢላት አባቷን የከዳውን ያንን ሰውዬ ይሆናል። በገዛ አፏ ነህ ብላ የሰደበችውን፣ በገዛ አፏ ታደርገዋለች።

አውቶቡስ መጣ። በሩ ተከፈተ። ውሃ ልክ አልተሳፈረም፤ እሷን እያየ አሳለፈው።

ቆመች። እጇን አላነሳችም፤ አልተጣራችም። ዕንባዋ ሲወርድ ማዶ ድረስ ታይቶት ይሆናል፤ ምክንያቱን ይረዳ አይረዳ ግን የሚያውቀው የለም።

ቀጣዩ መጣ። በዚያኛው ሄደ።

ቀለም ቀቢው ስለ ዋስትናው አንድም ቀን አልተጠየቀም። መርፌ ዛሬም ልብስ ታስተካክላለች፤ በእትዬ ቤት ትኖራለች። በዚያ መስመር አውቶቡስ አትሳፈርም። ዝናብም ቢሆን በእግሯ ትሄዳለች።