ስሟ የተጻፈበት ጫማ

ብሪን ሆሎቭኮ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቷ ድረስ የራሷ የሆነ፣ ከስሩ ስለት ያለው የበረዶ ሆኪ ጫማ አልነበራትም። በብርዳማው የሳስካችዋን ሜዳ መሀል ባለችው ትንሽ ከተማ በካርሎ ክሪክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ልጅ በደንብ መራመድ ሳይችል በረዶ ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ባዶ እግሯን ነበረች ማለት አይደለም። ጫማማ ነበራት፤ የወንድሟ። ያውም የታናሽ ወንድሟ! ለዳልተን በየዓመቱ መከር ሲሰበሰብ አዲስ ጫማ ይገዛለታል፤ ያምናው ወደ እሷ ይተላለፋል። የዳልተን እግር ደግሞ ገና በልጅነቱ በመጠን የእሷን ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ ብሪን ሁለት የሱፍ ካልሲ ደርባ፣ ማሰሪያውን ጣቷ እስኪላጥ ጎትታ ስትጫወት ኖረች።

የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ አገር ጫማ የገዛ ሰው ከማሰሪያው ስር ባለው የጫማው ምላስ ውስጠኛ በኩል ስሙን በማርከር ይጽፋል። ጫማው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የፊቱን ስም ሰርዞ ከስሩ የራሱን ያሰፍራል። ብሪን ግን ጽፋ አታውቅም። «ተዪው፣ አታበላሺው፤ አንድ ስም ብቻ ያለበት ደህና ዋጋ ያወጣል» ይላታል አባቷ ኦረስት። እሷም በየክረምቱ «ዳልተን» የሚል ጫማ አስራ ትወጣለች።

አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል።

በአጎራባች ከተማ አንድ የሴቶች የሆኪ ቡድን አለ። ብሪን ሁለት ዓመት ተፈትና ሁለቴም ተመለሰች። ባለፈው ዓመት የተነገራት ምክንያት አጭር ነበር፤ «ቁርጭምጭሚቷ አይችልም» የሚል። ቡድኑ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ አዲስ ተጫዋች ስለማይቀበል ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። ፈተናው እሑድ ጠዋት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የከተማው አዳራሽ እንደ ወትሮው የአሮጌ ጫማ ገበያ ሆነ። የተጠበሰ ሽንኩርትና ፔሮጊ የሚሉት በድንች የተሞላ ሊጥ ሽታ ከጓዳው ይመጣል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ጫማ ነው። ብሪን በነዳጅ ማደያ ቆማ ያጠራቀመቻትን ጥቂት ገንዘብ ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ገባችና የሚያብረቀርቅ ጫማ አነሳች።

«እሱን ተዪው» አላት ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመ ወጣት።

ቀና ብላ አየችው። ረጅም ነው፤ ፀጉሩ ማበጠሪያ ያየ አይመስልም፤ አገጩ ላይ የድሮ ስፌት ምልክት አለ።

«ለምን? ገንዘብ የላትም ብለህ ነው?»

«ኧረ እኔ እንደሱ አልወጣኝም! ይሰፋሻል ብዬ ነው።»

«እግሬን የት አየኸው ደግሞ?»

«መንገድ ላይ የምታደርጊው ስንት ቁጥር ነው?»

«ስምንት።»

«ይሄም ስምንት ነው። የበረዶ ጫማ ከመንገድ ጫማ በአንድ፣ በአንድ ተኩል ቁጥር ማነስ አለበት።»

«ይሄን ለእኔ ታስተምረኛለህ? ከአራት ዓመቴ ጀምሮ በረዶ ላይ ነኝ! እግሬ የለመደው ይሄንን ነው። ትንሹ ይጠበኛል።»

«ጠቦሽ ነው ወይስ ይዞሽ?»

ብሪን የያዘችውን ጫማ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር ሌላ ጥንድ አወጣ። ቆዳው ተላልጧል፤ አፍንጫው ተፋፍቋል።

«ይሄንን? ውሻ ያኘከው ነው እኮ የሚመስለው!»

«መልኩን አትዪው። ስለቱን እዪ፣ ገና ብዙ ይሳላል። ተረከዙን ጨምቂው፣ አልላላም። ለመልክ ገንዘብ ያለው ሰው እዚህ አይመጣም።»

ልታሳፍረው ብላ ተቀመጠችና ቦቲዋን አወለቀች። ልጁ ጫማውን ይዞ ፊቷ ተንበረከከ። ካልሲዋን ሲያይ እጁ ቆመ።

«ሁለት ካልሲ?»

«እንዲሞላ ነዋ! የወንድሜን ጫማ ነው የማደርገው። ምን ያስገርምሃል?»

«ሁልጊዜ? አምናም?»

«አምናም፣ ካቻምናም። አስደነቀህ?»

ወፍራሙን ካልሲ እንድታወልቅ በእጁ አመለከታት። ጫማው ሲገባ ማሰሪያውን ሳያጠብቅ ጣቶቿን ወደ ፊት እንድትገፋ አደረገና ከተረከዟ ኋላ ጣቱን ሰደደ። አንዷ ጣቱ ብቻ በጭንቅ ገባች። ከዚያ ከታች ጀምሮ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጎ አሰረላት።

«ቁሚ። ጣቶችሽ ጫፉን ነኩ?»

«ነኩ።»

«አሁን ጉልበትሽን እጠፊ።»

እንዳላት አደረገች። ጣቶቿ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ተረከዟ ገብቶ ቁጭ አለ። በዕድሜዋ ሙሉ በየእርምጃው ከጫማዋ ውስጥ ሲነሳ ሲወድቅ የኖረ ተረከዝ!

«ይነሳል?» አላት ቀስ ብሎ።

«አይነሳም።»

እጁ አሁንም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር፤ እሷም አንሣልኝ አላለችውም። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኖቹ ግራጫ መሆናቸውን አስተዋለች፤ ጨዋታም እንደሌለባቸው።

«ብሪን ነሽ አይደል?» አላት። «አምና ቁጥር አሥራ አንድ ማልያ የለበስሽው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሬሚ እባላለሁ። የአሰልጣኟ ረዳት ነኝ። ቁርጭምጭሚቷ አይችልም ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እግርሽ ሲንገዳገድ አየሁ እንጂ ጫማሽን አላየሁም። አንቺ ትችያለሽ። ጫማው ነው ያልያዘሽ።»

የብሪን ፊት ጋለ። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ደረጃ ላይ ቆማ ቁርጭምጭሚቷን ስታጠነክር የከረመችው፣ መስታወት ፊት እግሯን ስትረግም የከረመችው ለዚህ ነው? አንድ ያልተበጠረ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማየት ስላቃተው?

«ጎንበስ ማለት እንዲህ ይከብዳል?» አለችው። ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ ሰው ዞሮ አያቸው። «አንዴ! አንዴ ጎንበስ ብትል ምን ነበረበት? ዓመቴን ነው የበላኸው!»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነትሽን ነው አትበለኝ! ተከራከረኝ እንጂ!»

ጫማውን ፈታ ወረወረችለትና ቦቲዋን በቅጡ ሳታስር ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷና ዳልተን ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ከፍተው ነበር። አዲስ ጫማ፣ ገና ከወረቀቱ ያልወጣ።

«መጣሽ? ደስ ይበልሽ» አላት አባቷ ፊቱ ፈክቶ። «ያምናውን ስለቱን አስሞርጄ አስቀምጬልሻለሁ። ለነገ ይደርስልሻል።»

«አንድ ዓመት ብቻ ነው የተጫወትኩበት፣ አልጎዳሁትም» አለ ዳልተን። ውለታ የዋለ መስሎታል።

ብሪን አሮጌውን ጫማ አነሳችና ምላሱን ገለጠች። ዳልተን ይላል። እንደ ሁልጊዜው።

«አባዬ፣ የእኔ እግር ስንት ቁጥር ነው?»

ኦረስት ዳልተንን አየ፤ ዳልተን ጣሪያውን።

«የእሱን ከነስፋቱ ታውቀዋለህ። የእኔን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅህም። ደካማ ናት ሲሉኝ አብረህ አንገትህን ነቀነቅህ እንጂ! እኔም እግር አለኝ፣ አባዬ!»

ብሪን ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ለአንድ ወንድ ስትል ተቀይማ ልኳ የሆነ ጫማ ልታጣ? ምን ሲደረግ!

ሰው እየተበተነ፣ ወንበር እየተነሳ ነበር። ሬሚ ያንን የተላላጠ ጫማ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አክስቱ ጆሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጮኽበታለች።

«ሁለት ገዢ መለሰብኝ! ሁለት! ተሽጧል ይላል፤ ገንዘቡ የታለ ስለው ዝም! እዪልኝማ ልጄ!»

«ለእሷ ነው ያስቀመጥኩት፣ አክስቴ» አለ ሬሚ፤ ተነስቶም ጫማውን ለብሪን ዘረጋላት። «ውሰጂው። ክፈይ አልልሽም።»

«በነፃ? ጥፋትህን በአሮጌ ጫማ ልታጥብ ነው? ዋጋውን ንገረኝ!»

ዋጋውን አክስቱ ነገረቻት። ብሪን ከፈለች፤ ለምሳ የሚሆን እንኳ ተረፋት።

«አሁን የአንተን ዕዳ እንነጋገር» አለችው። «አምና የተናገርከውን ስንት ሰው ሰማ?»

«ቡድኑ በሙሉ።»

«እንግዲያው ነገ ቡድኑ በሙሉ ይስማህ። ለእኔ ለብቻዬ በሹክሹክታ ይቅርታ አልፈልግም።»

«እሺ» አለ ሬሚ፤ ከኪሱም ማርከር አወጣ። ምላሱ ላይ የአክስቱ ስም ነበር።

«በዚህ ጫማ ስጫወት ስንቷን የሜዳው አጥር ላይ ለጥፌያታለሁ!» አለች ጆሴት ደስ ብሏት። «ሰርዢኝና ጻፊ ልጄ፣ አልከፋም።»

«ነገ ፈተናውን ሳልፍ» አለች ብሪን።

በማግስቱ ጠዋት ልጃገረዶቹ በረዶው ላይ ተሰልፈው ሳለ ሬሚ ወደ መሀል ወጣ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፍሯል፤ ግን አላጉረመረመም።

«አምና ስለ ብሪን ቁርጭምጭሚት የተናገርኩት ስህተት ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።»

አንዷ ሳቀች። አሰልጣኟ አፈጠጠችበት። ብሪን ግን ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ለቀቅ ሲላት ተሰማት። ስንት ሰው ያጠፋል፤ ስንቱ ነው ባጠፋበት አደባባይ ቆሞ የሚናገር?

ፊሽካው ተነፋ። ሮጠች፣ ታጠፈች፣ በሙሉ ኃይሏ ቆመች፤ ጫማው አብሯት ታጠፈ፣ አብሯት ቆመ። ያ ሁሉ ማታ ደረጃ ላይ የለፋችበት እግር ዛሬ ሥራውን አገኘ። አሰልጣኟ የአላፊዎቹን ስም ስትጠራ ብሪን ሁለተኛ ነበረች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋች። «ማርከሩን አምጣ።»

የጆሴትን ስም ሰርዛ ከስሩ የራሷን ጻፈች፤ ጫማው በላብ ርሶ ስለነበር ግን ቀለሙ ፈሰሰ። ሬሚ ጎንበስ ብሎ እፍ እፍ አለበት።

«አሁን ጎንበስ ማለት ቻልክ?» አለችው።

«ለአንቺ ገና ብዙ ጊዜ ጎንበስ እላለሁ።»

«ገና አልታረቅሁህም እኮ።»

«አውቃለሁ። ታርቀሽኝ እስክትጨርሺ ከልምምድ በኋላ በመኪናዬ ላድርስሽ?»

ታርቃው ለመጨረስ ክረምቱን ሙሉ ፈጀባት። በየምሽቱ ያደርሳታል፤ በየምሽቱ አንድ አዲስ ክስ ታቀርብበታለች። በረዶው ሲቀልጥ ክሱ አለቀባትና ሳመችው።

ከተጋቡ በኋላ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ኦዴት አሏት። አምስት ዓመት ሲሞላት ኦረስት ካርቶን ተሸክሞ መጣ።

«አዲስ ነው!» አለ ገና ከበሩ። «ከሱቅ የወጣ!»

ብሪን ጫማውን ገልብጣ ቁጥሩን አየችና ደሟ ፈላ። «አባዬ! ሦስት ቁጥር ይበልጣታል እኮ!»

«ታድጋለቻ! ትሞላዋለች!»

«አትሞላውም! ደግሞ በልጄ ልትጀምር ነው? ዛሬውኑ መልሰህ ለውጠው!»

«አይሆንም፣ አባባ፣ እግሯን ያበላሻል» አለ ሬሚም ከጓዳ ብቅ ብሎ።

ኦረስት ኮፍያውን በእጁ አሻሸ። «መመለስ አይቻልም» አለ።

«ለምን አይቻልም?»

«ጽፌበታለሁ።»

ብሪን ምላሱን ገለጠች። በተንጋደደ ትልልቅ ፊደል ኦዴት ይላል። ከላዩ የተሰረዘ ስም የለም። ብሪን የአባቷን እጅ ይዛ ወንበር ሳበችለት።

ጫማው ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የኦዴት እግር እስኪደርስለት ይጠብቅ ጀመር። በሁለተኛው ክረምት ዳልተን ሊጠይቃቸው መጥቶ አየው።

«ይሄ ለልጄ ልክ ነበር» አለ። «ዝም ብሎ ከሚሰቀል ለዘንድሮ ይጫወትበት?»

ብሪን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ምላሱን ግለጠውና» አለችው፣ «ስሙን አንብብልኝ።»