የአንዳርጌ ልክ

ፈጠራ ነው የሚል ካለ አይፈረድበትም። እኔም ሰብለ ራሷ ባትነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሰብለ ቪዲዮ ቤት አላት። ሰርግ ትቀርጻለች፣ ታቀናብራለች።

የዚያን ቀን አንዳርጌና እናቱ እትዬ ላቀች ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የታናሽ ወንድሙ የሙሉቀን አርባ በማግስቱ ነው። እናትየው የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሟቹ ልጃቸው ከአንዳርጌ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ብቻውን ወጥቶ፣ በአርባው ዳስ ውስጥ ሲስቅ እንዲታይ።

ለዚህ ማስክ ያስፈልጋል። በሰውየው ዙሪያ ነጥብ በነጥብ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

አድካሚ ሥራ ነው። መብራቱ ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሰብለ ቸኮለች። ለሰርጉ የሠራችው የአንዳርጌ ማስክ ነበራት፤ የወንድማማቾቹ ቁመና ተቀራራቢ ነው። ኮፒ አድርጋ ሙሉቀን ላይ አሳረፈችው።

ልክክ አለ።

ጥቂት ማስተካከል ይኖርብኛል ብላ ነበር። ሙሉቀን አንገተ ረጅም ነበር... ግን አንድም ነጥብ አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም።

«የእኔን ልክ ሰጠሽው?» ሳቀ አንዳርጌ። «ምን አለበት! ሱሪዬንም ጫማዬንም ሲለብስብኝ ነው የኖረ።»

እትዬ ላቀች አልሳቁም።

«በሕያው ልክ የሙት ጉድጓድ አይቆፈርም። አንሽው፣ ልጄ።»

«እሽ፣ እትዬ።»

ሰረዘችው።

አልጠፋም።

እንደገና... አልጠፋም።

ከዚያ የሙሉቀን የግራ ትከሻ ላይ ያለችው ነጥብ ወደ ውስጥ ገባች። በራሷ። የሰብለ እጅ ማውዙን አልነካም።

«ውይ...» አለ አንዳርጌ ከኋላዋ። «ትከሻዬን ምን ያዘው?»

ሰብለ ነጥቧን ይዛ ወደ ውጭ ጎተተቻት።

«አሁንስ?»

«ለቀቀኝ።»

ሌላ ነጥብ ገባች፣ ጎኑ ላይ። ጎተተቻት። ደግሞ ደረቱ ላይ... ደግሞ አንገቱ ላይ ሁለት ነጥቦች፣ ከግራና ከቀኝ፣ ቀስ እያሉ...

መስመሩ እየጠበበ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሙሉቀን ግን ቅንጣት አልተቆረጠም።

ይስቃል።

«ሰብ... ልዬ...»

የአንዳርጌ ድምፅ ቀጠነ።

«አጥፊው!» አሉ እትዬ ላቀች በሹክሹክታ።

ሰብለ ሶኬቱን ነቀለች።

ስክሪኑ ጠቆረ።

ቀስ ብላ ዞረች። አንዳርጌ አንገቱን እያሻሸ ነው። ላብ አጥምቆታል፤ ግን ይተነፍሳል።

«ደህና ነኝ... ደህና ነኝ፣ እማ። እንሂድ።»

እናትየው እጁን ጭብጥ አድርገው ያዙት። እንደ ሕፃን እየመሩ አወጡት።

ሰብለ በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ከዚያ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አስፋልቱን ተሻገሩ።

ያኔ ነው ወደ መሬት ያየችው።

የእትዬ ላቀች ጥላ ብቻውን ይሄዳል... ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ባዶ አየር ጨብጦ።