ሞቱን የሰረዙበት ንጉሥ

አንጋፋው የመድረክ ተዋናይ ዘለቀ ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከገንዳው ያወጣው ዘበኛው አሊ ነበር። ልብሱ በውኃና በደም ስለራሰ የውለታው ዋጋ ካቴና ሆነ። «ይኸው ገዳዩ» ብሎ የጠቆመው የፊልሙ ዳይሬክተር ፍሬአብ ነው፤ የወረዳው ሳጅንም አሊን አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጅማ ሊያሻግር ተዘጋጀ።

ኢንስፔክተር ኩልሱም ከጅማ ስትደርስ ፍሬአብ ካሜራውን በእጁ ይዞ የሚያየው አስከሬኑን ሳይሆን ፀሐይዋን ነበር፤ ለቀረጻ ብርሃን እንዳያመልጠው።

ፊልሙ የተቀዳው ከአንድ የቆየ የመድረክ ትራጀዲ ነው፦ ንጉሥ በትዕቢቱ ልጁን ያጣል፣ በጸጸት ይሞታል። ፍሬአብ ዘለቀ የሚጫወተውን ንጉሥ የቡና ነጋዴ አደረገውና ጥቁር መነጽር አጠለቀለት። ሞቱን ሰርዞ ሠርግ ተካበት። የዘመኑ ተመልካች ማልቀስ አይፈልግም ባይ ነው። እሱ ራሱ ግን ቡናን ከሲኒ ውጭ አያውቀውም።

የማጠቢያው ባለቤት ሸምሰዲን ዘለቀ በመጨረሻ ከታየበት ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ከወንዶቹ ሠራተኞች ጋር ጁምዓ ሶላት ላይ እንደነበረ ተናገረ፤ መስጊድ ሙሉ ሰው ይመሰክርለታል። ተዋናይቱ ፊርዶስ ከሴቶቹ ሠራተኞች ጋር ምሳ ስትበላ ነበር። ዘለቀ ጠዋት፣ ንጉሡ ካልሞተ ነገ ተሳፍሬ እሄዳለሁ ብሎ ከፍሬአብ ጋር መጣላቱን ለኩልሱም የነገረቻት እሷ ናት።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው ኩልሱም።

«የታጠበው ቡና የሚደርቅበት ማስጫ አልጋ ጋ፣ ሴቶቹ ቡና ሲያገላብጡ እየቀረጽኩ። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት። ይኸው ቪዲዮው።»

በጥሞና አየችው። ሴቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ምስሉ ራሱ ግን ቅንጣት ታህል አይንቀጠቀጥም።

አሊ የታሰሩ እጆቹን ዘርግቶ ተማጸናት። «ማሎ እህቴ፣ ነፍሱ ያለች መስሎኝ ነው የገባሁት» አላት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አልጋዎቹ ጋ ሰበሰበቻቸው።

«እርጥብ የታጠበ ቡና የቀትር ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል» ብላ ጀመረች። «ጋሽ ሸምሰዲን፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ሸፈናችሁት?»

«ከአምስት እስከ ዘጠኝ። ወላሂ፣ አንድ ፍሬ አልተገለጠም።»

«ሴቶቹም ምሳ ላይ ነበሩ፤ ፊርዶስ አብራቸው ነበረች። እንግዲህ ስድስት ተኩል ላይ የሚያገላብጥ እጅም፣ የሚገላበጥ ቡናም አልነበረም። ቪዲዮው የጠዋት ነው።»

«ሰዓቱ ተምታቶብኝ ይሆናል» አለ ፍሬአብ።

«ይሁን። ጠዋት ግን ካሜራህ ማቆሚያ ላይ ነበር፤ ለዚህ ነው ምስሉ የማይንቀጠቀጠው። እኔ ስመጣ በእጅህ ይዘኸው ነበር። ማቆሚያው የት ገባ?»

ሳጅኑ ፖሊሶቹ ከቡና ገለባ ክምር ሥር ያወጡትን ማቆሚያ አቀረበ። አንደኛው የብረት እግር ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ዘለቀ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ማጅራቱን በቀጭን ብረት እንደተመታ አረጋግጧል።

«ጋሽ አሊ ገዳይ ቢሆኑ፣ ዘወር ማለት ሲችሉ ገንዳ ውስጥ ምን ያስገባቸዋል?» አለች ኩልሱም።

«ሁለት ትዕይንት ነበር የቀረን» አለ ፍሬአብ። «ግትር ሽማግሌ። ፊልሜን ሊገድልብኝ ነበር እኮ።»

«ንጉሡን ከሞት አድነህ ተዋናዩን ገደልክ።»

ሸምሰዲን «ሱብሃነላህ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ካቴናው ከአሊ እጅ ወልቆ ፍሬአብ እጅ ላይ ገባ።

አሊ አንጓውን እያሻሸ ወደ ኩልሱም ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?» አላት።

ከፊልሙ ሰዎች እስከዚያ ሰዓት ይህን የጠየቀ አልነበረም።