የዳቦ ሣጥኑ እጥፋት

ንጉሡ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ሠራዊቱ ወደ ወሰን ለመዝመት ሲሰናዳ፣ የስንቅ ሣጥን እንዲያቀርብ የታዘዘው በወንዙ ዳር የሚገኘው የቆርቆሮ ሥራ ቤት ነበር፤ በዚያም ሽማግሌው ዝርግ ቆርቆሮውን ዝገት እንዳይበላው ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ የሴት ልጁ ባል ደግሞ የተቀባውን አጥፎ ሣጥን ያደርገዋል። ሽማግሌውን የከተማው ሰው «ባልጩት» ይለዋል፤ ቅቡን ጥፍር ቀርቶ ምስማር አይጭረውምና፤ ጠባዩም ከቅቡ እምብዛም አይለይም።

የግምጃ ቤቱ ሹም ናሙናውን አገላብጠው አዩና እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ቢያሹት፣ ቫርኒሹ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈረፈረ።

«እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ አጣፊውም ከዘማቹ ጋር ይሰለፋል» ብለው ሄዱ።

ባልጩት እንደ ልማዱ ሙጫ ጨመረ፤ እሳቱንም አበረታ። ቅቡ ይበልጥ ጠነከረ፤ ሲታጠፍም ይበልጥ ተሰነጠቀ።

«አባቴ፣ ዘይቱን ቢያበዙትስ?» አለ የልጁ ባል።

«ለስላሳ ቅብ የሰነፍ ሥራ ነው! ይልቅ መዶሻህን ቀስ አድርገህ አሳርፍ።»

ሴት ልጁ ይህን ስትሰማ ባሏ መዝመቱ ነው ብላ ሰጋች፤ እናቷ ግን ጓዳ ገብታ የዳቦ ሣጥኗን ይዛ ወጣች። ባልጩት ከሚስቱ ጋር በተጋቡበት ሰሞን ሙጫ ቢያጥረው ዘይት አብዝቶ፣ ቸኩሎ የቀባው ሣጥን ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህን ጉድ ሰውሪልኝ» እያለ ሲያፍርበት ኖሯል። ክዳኑ ተቧጭሯል፤ እጥፋቱ ግን አንድ ስንጥቅ፣ አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረበትም።

«ያን ጊዜ አንተም ለስላሳ ነበርክ» አለችው።

እጥፋቱን ደጋግሞ ደባበሰ። «ክዳኑን ድመትሽ ናት የቧጨረችው።»

«ድመት ኖሮን አያውቅም፣ አንተ ሰው!»

ባልጩት ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያም የልጁን ባል ጠርቶ «በል ዘይቱን አቀብለኝ» አለው። ሙጫውን ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልተወም፤ በስሱ ቀባ፤ ሲደርቅም ደገመ።

ሰኞ ዕለት ሹሙ በጥፍራቸው ቢጭሩት ስስ መስመር ብቻ ታየ፤ እጥፋቱን ቢያሹት ምንም አልረገፈም። አጣፊውም ከመዶሻው ጋር ቀረ።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የአዝማቾቹን ስም በየማዕረጋቸው ዘርዝረው፣ ስለ ስንቁ «ሳይረጥብ ደረሰ» ብለው አለፉ፤ ታሪክ የጸናውን እንጂ በጊዜው መለሳለስን ያወቀውን መጻፍ አይቀናውም። የዳቦ ሣጥኑ ግን ከጓዳ ወጥቶ በእንግዳ መቀበያው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ባልጩትም ሰውሪልኝ ማለቱን ተወ።