በተወለደበት ከተማ ሆቴል

አጎት ሬናቶ ባለፈው ማክሰኞ ሐሳቡን ለወጠ። እስካለፈው ዓመት ድረስ የአባቱን ልደት ለማክበር ከዋና ከተማዋ ከሳንቲያጎ ወደ ቫልፓራይሶ ሲመጣ የሚያድረው ማሪፖሳስ ኮረብታ ላይ፣ በተወለደበት ቤት ነበር። ዘንድሮ ግን ሆቴል ሊያድር ወሰነ። ውሳኔውን ያሳወቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእህቱ ልጅ፣ ለአሥራ አምስት ዓመቷ ማይቴ። መልስ መስማት የፈራ ይመስል በድምፅ መልእክት ነገራት።

ማይቴ መልእክቱን በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለጓደኛዋ ለባስቲያን አሰማችው።

«ማይቴዬ፣ አንድ ውለታ ዋይልኝ» ይላል የአጎቷ ድምፅ። «ለአርብና ለቅዳሜ ሆቴል ፈልጊልኝ። ለእኔና ለፓውሊና አንድ ክፍል፣ ለልጆቹ አንድ ክፍል። ሰፈሩ ሰላም ያለው ይሁን። ደረጃ የሌለበት፣ በሩ ከመንገዱ እኩል የሆነ፣ ሌሊት ጫጫታ የማይሰማበት፤ ቁርስ ለመብላትም መውጣት መውረድ እንዳይኖር። መኪናዬንም የማቆምበት ቦታ እንዳትረሺ። ለአባባ ግን አሁን እንዳትነግሪያቸው። ስንደርስ እኔው አንድ ነገር እላቸዋለሁ።»

ባስቲያን የያዘውን ኮምፕሌቶ የተባለ ዳቦ ከነቋሊማው ሊያፈስሰው ምንም አልቀረው። «ቫልፓራይሶ ውስጥ ደረጃ የሌለበት? ባሕሩ ላይ ይተኛ በይው።»

«የተወለደበትን ከተማ ‹ሰላም ያለው ሰፈር የቱ ነው› ብሎ እኔን ይጠይቀኛል» አለች ማይቴ። «ጥርሱን የነቀለው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው እኮ።»

«ሳንቲያጎ ሰውን ፋራ ታደርጋለች።»

«እሱስ ፋራ ሆኖ ነው የሄደው።»

ቫልፓራይሶ ውስጥ ኮረብታ ላይ ያደገ ልጅ መናቅን የሚማረው ከመራመድ ጋር አብሮ ነው። ከታች፣ ባሕሩ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የሚኖረውን ይንቃል፤ ከሳንቲያጎ የሚመጣውን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ይንቃል። እንግዳን ለመለየት ልብሱን ማየት አያስፈልግም፤ ትንፋሹን መስማት ይበቃል። የደረጃው እጥፋት ላይ ቆሞ «አቤት እይታው» የሚል ሰው፣ ማይቴ እንደምታውቀው፣ እይታ እያየ አይደለም፤ አየር እየፈለገ ነው።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ለሳቅ የሚመች አልነበረም። አያቷ ዶን ኦስቫልዶ ቅዳሜ ሰማንያ ዓመት ይሞላቸዋል። የማይቴ እናት ደቡብ ባለ የዓሣ ፋብሪካ እስከ ሰኔ ስለምትቆይ ቤቱን የሚጠብቁት አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው መኝታ ክፍላቸውን ለልጃቸው ለቅቀው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገብተዋል። የመስኮቱን ፍሬም ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በለመኑት የጀልባ ቀለም ቀብተዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳቦ ቤት ለምትሠራው ለዶኛ ኡልዳ ነግረዋታል፤ ለእሷ መንገር ማለት ለኮረብታው በሙሉ መንገር ማለት ነው። አርብ ማታ የሬናቶ መኪና ላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ካልታየ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ የሚገዛ ሁሉ የዶን ኦስቫልዶ ልጅ የአባቱን ቤት እንደተጠየፈ ያውቃል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማይቴና ባስቲያን ወደ አሌግሬ ኮረብታ ሄዱ። እንግዶች ሁሉ ማደር የሚፈልጉት እዚያ ነው። «ካሳ ብሩማ» የተባለው ሆቴል ግድግዳው የቆርቆሮ ነው። የማይቴ ቤት ግድግዳም የቆርቆሮ ነው። ልዩነቱ፣ በማይቴ ቤት ዝገት የሚባለው እዚህ የጥንት መንፈስ ተብሎ ከሥሩ መብራት የተተከለለት መሆኑ ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት ወጣት እንግዳ የመንደር ውሻ ወደ ሌንሷ እንዲያይላት እየለመነችው ነበር። ውሻው ፊቱን አዙሮ ተኛ።

ባስቲያን «ይሄ ውሻ የኛ ሰፈር ነው» አለ።

እንግዳ ተቀባዩ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሱፍ ቆብ ያደረገ ወጣት ነበር። የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ከላይ እስከ ታች ቃኘና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ሽንት ቤቱ ለደንበኞች ብቻ ነው» አላቸው።

«ሽንቴ አልመጣም» አለች ማይቴ። «ክፍል ነው የምፈልገው። ደረጃ የሌለበት።»

«እህት፣ ወደዚህ የሚመጣው ሰው ደረጃ ፎቶ ሊያነሳ ነው የሚመጣው። ክፍሎቹ ከታች ናቸው፤ ቁርስ ጣሪያው ላይ ነው።»

«መሃሉስ?»

«ጠምዛዛ ደረጃ ነው። የብረት።» ይህን ያለው ደረጃውን ራሱ እንደ ወለደው ሰው ነበር።

ማይቴ ስልኳን አውጥታ የአጎቷን ፍላጎቶች አንድ በአንድ ነገረችው። ወጣቱ አገጩን ተደግፎ አዳመጣት።

«ደረጃ የማይወጣ፣ ድምፅ የሚረብሸው፣ ቁርሱን ካለበት ሳይነሳ የሚፈልግ» አለ። «እና ለሽማግሌ ነው የምትፈልጊው ማለት ነው። እኛ ዘንድ አይሆንም።»

«ሽማግሌ አይደለችም» አለች ማይቴ። «የአጎቴ ሚስት ናት፤ የሳንቲያጎ ሴት።»

ሲመለሱ ባስቲያን «ግን ሚስቱ እናንተ ቤት ማደር ለምን ጠላች?» ሲል ጠየቃት።

ማይቴ ነገረችው። ባለፈው ዓመት ዝናብ ጥሎ ነበር። ከላይኛው መንገድ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ደረጃ ብቻ ነው። ፓውሊና እግሯ ስለከዳት ቦርሳዋን ታቅፋ፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች፣ አንድ አንድ እርከን ወረደች። ዶን ኦስቫልዶ መስኮቱን ከፍተው ጎረቤቱን ጠሩ፤ «ኑ፣ የሳንቲያጎዋ ዶሮ ስትወርድ እዩ» ብለው። ከዚያ በኋላ በእራትም በቁርስም ስሟ ዶሮ ሆነ። ዳቦ ሲያቀብሏት «ለዶሮዋ ፍርፋሪ» ይሉ ነበር። ሬናቶም ከሁሉም ጋር አብሮ ይስቅ ነበር።

«ልጆቿ እያሉ?» አለ ባስቲያን።

«አስቂኝ ነበር አልኩህ እኮ።»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው አሁን አልኩህ። አስቂኝ ነበር።»

ባስቲያን ወደ ቤቱ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ማይቴ ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ ከታች አንድ ሰው አየች። ዶን ኦስቫልዶ ነበሩ፤ የዳቦ ከረጢታቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርገው ይወርዳሉ። አንዱን እግር ያወርዳሉ፤ እርከኑን በጫማቸው ጫፍ ይዳስሳሉ፤ ከዚያ ሌላውን ያስከትላሉ። ቀና ሲሉ አዩዋት። ከረጢቱን ከአፋቸው አወጡና ብረቱን በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ።

«ይሄ ብረት ዝጓል» አሉ። «እሱን እያየሁ ነው።»

«ይታያል፣ አባባ» አለች ማይቴ፤ ወርዳም ከረጢቱን ተቀበለቻቸው።

የማታ ሻይ ሲቀርብ ዶን ኦስቫልዶ አቮካዶውን በዳቧቸው ላይ እስከ ጠርዙ ድረስ በጥንቃቄ ቀቡ። ማይቴ ታያቸው ነበር።

«አባባ፣ ሜዳው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የወረዱት መቼ ነው?»

«ምን ልሠራ? ሠላሳ ዓመት ትሮሊባስ ነድቼበት ጠግቤዋለሁ። ሜዳ ላይ ምን አለ?»

«ፋርማሲ አለ። መድኃኒትዎን እኔ ነኝ የማመጣው። ፀጉር ቆራጭ አለ። እሱንም እዚህ ድረስ ያስመጡታል።»

«ትንሽ መውጣት ይጠቅመዋል። ወፍሯል።»

ማይቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አጎቴ አርብ ሆቴል ነው የሚያድረው» አለች። «እርስዎ እንዳይሰሙ ብሎኛል። ሲደርስ አንድ ውሸት ሊነግርዎት ነው።»

ሽማግሌው ዳቧቸውን አኝከው ዋጡ። ከዚያ «ሆቴል» አሉ። «በቫልፓራይሶ። የኔ ልጅ።» ሻይ ጠጡ። «ዶሮዋ ናት።»

«ስም አላት። ፓውሊና ትባላለች።»

«ቀልድ ነው። ቀልድ የማያውቅ ሰው ኮረብታ አይውጣ።»

«ቅድም እርስዎም የኋሊት ሲወርዱ አይቼዎታለሁ» አለች ማይቴ። «ጎረቤት ልጥራ?»

የዶን ኦስቫልዶ ጆሮ ቀላ። የገዛ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ማይቴም እንዲህ ብላ አታውቅም። ተነሡና ወንበራቸውን በሥርዓት መለሱ።

«አይምጣ በይው» አሉ። «ሆቴል የሚያድር ልጅ የለኝም።» ወደ ጠባቧ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

ማይቴ ስልኳን አንሥታ ተቀመጠች። አንዱ በድምፅ መልእክት ጀርባ ተደብቋል፤ ሌላው በጠባቧ ክፍል በር ጀርባ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም እሷን ፖስተኛ አድርገዋታል። የአያቷን ቃል እንዳለ ብትጽፈው ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያበቃል፤ ቅዳሜም ዶን ኦስቫልዶ ዶኛ ኡልዳ ስታያቸው ሰማንያኛ ዓመታቸውን ከልጅ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ያከብራሉ። ጻፈችው። አነበበችው። አጠፋችው። ከዚያ የአጎቷን መልእክት እንደገና ከፍታ አዳመጠችው፤ ደረጃ የሌለበት፣ በሩ ከመንገዱ እኩል የሆነ፣ ቁርስ ለመብላት መውጣት መውረድ የሌለበት። ሁለት ጊዜ ሰማችው። በሁለተኛው ላይ አልሳቀችም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ወደ ሜዳው ወረደች። «ሆቴል ባልቲኮ» አደባባዩ ጥግ ላይ ነው። እይታ ስለሌለው እንግዶች ይንቁታል፤ ሜዳ ላይ ስለሆነ የኮረብታ ሰዎች ይንቁታል፤ ምንጣፉም ሁለቱም ወገኖች እንደሚሉት አስቀያሚ ነው። በሩ ግን ከእግረኛ መንገዱ እኩል ነው። ምግብ ቤቱ ከክፍሎቹ ጋር አንድ ወለል ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው ጀርባውን ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሹራብ የምትሠራ ሴት ቀና ብላ አየቻት። «ምን ልታዘዝ፣ ልጄ? አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እይታ የለንም። ከመስኮቱ የሚታየው ትሮሊባስ ነው።»

«እሱ ይሻላል» አለች ማይቴ።

ከሆቴሉ ስትወጣ ለአጎቷ ጻፈችለት፤ «ሆቴሉ ሜዳው ላይ ነው። ደረጃ የለውም። ሦስት ክፍል ነው፤ ስትመጣ ትከፍላለህ።»

አጎቷ እንደ ልማዱ በድምፅ መለሰ። «ሁለት እኮ ነው ያልኩሽ፣ ማይቴዬ። ሦስተኛው የማን ነው?»

«የአባትህ። ነግሬያቸዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳትፈጥር።»

ትሮሊባሱ መጥቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ቃል መጣ፤ በጽሑፍ። «እሺ።»

ወደ ላይ ስትመለስ ዳቦ ቤት ጎራ አለች፤ ከዶኛ ኡልዳ ጋርም ሰላምታ ከሚወስደው ጊዜ ትንሽ በለጥ ያለ ወሬ አወራች።

ዶን ኦስቫልዶ ወጥ ቤት ውስጥ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገጹ ግን ትናንትም ያው ነበር።

«ምን አለ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አልመጣም አለ?»

«ያሉትን አልነገርኩትም።»

«ያልኩትን ንገሪው ብዬሻለሁ።»

«ራስዎ ይንገሩት። ነገ ያገኙታል።»

ሽማግሌው ጋዜጣውን አጠፉ። «የት ነው የማገኘው? ሰፈሩ ምን ይላል? መኪናው የለ፣ ሰውየው የለ።»

«ዶኛ ኡልዳ ሬናቶ ለአባቱ ልደት ሆቴል ያዘላቸው እያለች ነው። ወሬው አሁን ላይኛው መንገድ ደርሷል።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ።»

ዶን ኦስቫልዶ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠረጋው ረጅም ጊዜ ወሰደ። «ሆቴል አድሬ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ዶሮ... ያቺ ሴትዮ እኔን አይታ ምን ትላለች?»

«እንጃ። እሷ ሰው ስትጠራ በስሙ ነው የምትጠራው።»

ከዚያ ማይቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ የእናቷን ትንሽ ሻንጣ አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ነገ አሥር ሰዓት ላይ እንነሣለን» አለች። «ደረጃውን እስከ ሜዳው እርስዎ የኋሊት ይወርዳሉ፤ እኔ ከሥር እሆናለሁ።»