ነጩ ዱቄት ያረፈበት ወንበር

ይህን ነገር ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያላወራው ሰው የለም፣ በትክክል ያወራው ግን አንድም የለም፣ እኔም ማረም ሰልችቶኛልና እስቲ አንዴ ከነቅደም ተከተሉ ልንገርህ። በመጀመሪያ እወቅልኝ፣ እኔ ዛር፣ መንፈስ፣ ጥላ የምል ሰው አይደለሁም፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ጣራ ላይ ኮሽ ሲል ድመት ነው እላለሁ፣ ወጥቼም ድመቷን አገኛታለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤታችን የአንድ ዳኛ ቤት ነበር፤ ዳኛው ከአርበኞች ጋር ጮቄ ተራራ ገብተው፣ እዚያው ሞቱ ተባለ፣ አስከሬናቸው ግን አልመጣም። ጣሊያኖች አዳራሹን ለትምህርት፣ ጓዳውን ለአንድ ኬሚስታቸው ሰጡት። በጓዳው ከዳኛው ዕቃ የቀረው አንድ የጠፍር ወንበር ብቻ ነው።

ኬሚስቱ ነጭ ዱቄት ነበረው። እኔ ቋንቋውን ስለማውቅ ሁሉን አስረድቶኛል፦ ክሮም የሚባለው ብረት፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው ከሚገድለው አየር ጋር ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ ብታየው ግን ጨው ነው የምትለው። ሲግል ይለያያል፣ መርዙ ይወጣል፣ ብረቱ እንደ መስታወት ሆኖ ይለበጣል፤ ሰውየውም የመኪና መብራት ማንጸባረቂያ ሊለብጥበት ነበር ያመጣው። በጨለማ፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ጥብቅ ብሎ ተከድኖ ይቀመጣል፣ አይሸተትም። ዋናው ጠባዩ ግን፣ እባክህ ይህችን ያዝልኝ፣ ክፍት ከተተወ ሳይቀልጥ፣ ሳይረጥብ፣ ቀስ በቀስ አየር ሆኖ ይነሣል፣ ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የቀዘቀዘው ነገር ላይ ተመልሶ ነጭ ሆኖ ያርፋል።

አንድ ቀን ኬሚስቱ ዱቄቱን በሰሃን አስጥቶ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ለባሻ ወንድይራድ ሰጥቶ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞላ፣ ሰውየው በዚያው ቀረ። በዚያ ሰሞን ሳስተምር ከግድግዳው ወዲያ ጠፍሩ ሲጥ ሲል እሰማ ነበር፣ ልክ ሰው ሲቀመጥ እንደሚለው። ጠፍር በእርጥበት ይላላል፣ ስለዚህ ይጮኻል፣ ብዬ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

አንድ ማለዳ ከተማውን የሚያዘው የጣሊያን ካፒቴን ጓዳውን አስከፈተ፤ ሰሃኑ ባዶ ነው።

«ዘበኛው ለሽፍቶች ሸጦታል! ሌባው ሌላ ከሆነ ዛሬውኑ ይነገረኝ፣ አለዚያ ነገ ጠዋት እሱ ይሰቀላል!»

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ለአውጫጭኝ ሜዳ ወጣ፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም፣ ዝናቡም አላቆመ።

«ጎበዝ፣ ሌባ እኮ የለም! ዱቄቱ ራሱ ነው ተነሥቶ የሄደው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እግር አለው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የለውም አባቴ፣ አየር ሆኖ ነው።»

«እንግዲያ አየሩን ጥራልንና ይማል።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፣ ባሻ እንኳ የፊጥኝ ታስረው ይስቃሉ! እኔ ብቻ ልፈነዳ ደረስኩ።

«ባሻ፣ ነገ ሊሰቅሉዎት ነው እኮ!»

«ታዲያ ዛሬ ልሳቅ እንጂ፣ ልጄ።»

ካፒቴኑን ስጨቀጭቅ ዋልኩ፣ ወደ ማታ «በል አሳየኝ፣ ከሌለ ግን ይሰቀላል» አለ። ባሻን ይዘን ሦስታችን ፋኖስ አብርተን ገባን። በጣም የሚቀዘቅዘው የውጭው ብርድ የሚያገኘው መስኮት ነውና በልበ ሙሉነት ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸው፤ መስታወቱ ላይ ምንም የለም። የበሩን የብረት መቀርቀሪያ አየሁ፤ ምንም። ካፒቴኑ ባሻን አንገታቸውን ያዘ። ያኔ ከጥጉ ጠፍሩ ሲጥ አለ፣ ሁላችንም ዞርን፣ ፋኖሱ ሲያበራበት ወንበሩ ያብለጨልጫል።

ዱቄቱ መቀመጫው ላይ ነበር፣ መደገፊያው ላይ የሰፊ ጀርባ ቅርጽ ይዞ፣ ሁለቱም የክንድ ማሳረፊያዎች ላይ እስከ ጣቶቹ ድረስ። ሌላ ቦታ ቅንጣት የለም።

«ብራቮ!» አለ ካፒቴኑ፣ ጠርጎ ዱቄቱን ሰበሰበ፣ ባሻን ፈታ።

«ቆይ እንጂ፣ አልገባህም!» አልኩ። «ወንበሩ ያለው በተማሪዎቼ ትንፋሽ በሚሞቀው ግድግዳ ሥር ነው! እዚያ ሊያርፍ የሚችለው ከመስኮቱም ከብረቱም የቀዘቀዘ ነገር ተቀምጦበት ከሰነበተ ነው!»

«ሌባ የለም አልክ፣ የለም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሜዳ ላይ ያሉትም እንደዚያው ናቸው፣ «እንዳልከው ሆነ፣ አስተማሪ!» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ነገሩ የተብራራው ለእነሱ ነው፣ ለእኔ ግን ያኔ ነው የጨለመው፣ ይህንን የሚሰማኝ አንድ ሰው አጣሁ!

ባሻን ተከተልኳቸው። «ቁልፉ ከእርስዎ እጅ አልወጣም። ማን ነው የተቀመጠበት?»

ባሻ ድሮም የዳኛው ዘበኛ ነበሩ። ቆም ብለው አዩኝ።

«ጮቄ ላይ ያደረ ሰው እንዴት እንደሚበርደው ታውቃለህ?» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ።

ካፒቴኑ ለብልሃቴ ሽልማት ነው ብሎ ወንበሩን ማስተማሪያ ክፍሌ አስገባልኝ። ጣሊያን ሄደ፣ ወንበሩ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የበሩን ብረት እነካለሁ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፤ ብረቱ ይሞቃል። ስም መጥራት ስጀምር ጠፍሩ ሲጥ ይላል። እኔ ቆሜ አስተምራለሁ፣ ወላጆችም እንዴት ያለ ትጉህ ነው ይሉኛል።